ቲክቶክ ላይ የሚወራላቸው ሜካፖች ለድሬ ሙቀት ይሆናሉ? ብራቸውንስ ያወጣሉ?

የሳቢያን_ልጅ

ሰላም ጀመዓ። የእህቴ ሰርግ ግንቦት ላይ ነው። አዎ፣ ግንቦት፣ ድሬዳዋ። ቀኑን የቆረጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔን አትዩኝ። ሚዜ ነኝ፤ ፊቴን ራሴ ልሠራ ወስኛለሁ። ለሙሽራዋ ሳሎን ተይዟል። ለሚዜዎች የተጠራው ዋጋ ግን አይቀመስም።

ከዚያ ቲክቶክ ውስጥ ገባሁና መውጫው ጠፋኝ። አሁን ዝርዝሬ ይሄ ነው፦ የፌንቲ ፋውንዴሽን፣ የሁዳ ቢዩቲ ፓውደር፣ የሬር ቢዩቲ ፈሳሽ ብላሽ (የጉንጭ ቀለም)፣ የሜይቤሊን ስካይ ሃይ ማስካራ፣ ሴቲንግ ስፕሬይ፣ ሊፕ ኦይል። ሁሉም ቴሌግራም ላይ ይሸጣል፤ ታይዋን ገበያም አይቻቸዋለሁ። ያው ዕቃ አንዱ ጋ ከሌላው ሦስት እጥፍ ይወደዳል።

ሁሉንም ለመግዛት አቅሙ የለኝም። የትኛው ብሩን ያወጣል? የትኛው ወሬ ብቻ ነው? ጠይም ነኝ፤ ቆዳዬ ወዛም ነው። እዚሁ ድሬ ተቀብታ ከሰዓት በኋላ ፊቷን በመስታወት ያየች ትመልስልኝ። የአዲስ አበባ ልጆች አትቀየሙኝ፤ የእናንተ አየር ሌላ ነው።

አቦ_ተወና

አቦ! ሰርግ ላይ ሰው የሚያየው ሙሽራዋን ነው። ብሩን ለእህትሽ ስጪያትና ፊትሽን ታጥበሽ ነይ።

የሳቢያን_ልጅ

አንተን ማን ጠራህ? ሂድ ኳስህን እይ።

ከዚራ_ጥላ

ሙሽራ ማስዋብ ሥራዬ ነው። ድሬም እሠራለሁ፣ ሐረርም እጠራለሁ። ዕቃው ያው፣ እጁ ያው፣ ውጤቱ ግን ለየቅል ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 አካባቢ ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ላብሽ ይደርቃል፤ ስትወርጂ ሜካፕሽም አብሮሽ ይወርዳል። ስለዚህ ቪዲዮ ስታዪ መጀመሪያ ልጅቷ ያለችው የት እንደሆነ ጠይቂ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ "ቀኑን ሙሉ ቆየልኝ" ብትል አትዋሽ ይሆናል። ግን የድሬን እኩለ ቀን አታውቀውም።

ወደ ዝርዝርሽ ልምጣ። ብር የሚገባው ፋውንዴሽን ነው፤ ምክንያቱ ሼድ፣ ማለትም ከቆዳሽ ጋር የሚገጥመው የቀለሙ ደረጃ ነው። ፌንቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ በ40 ሼድ ጀመረ። ያኔ ብዙ ካምፓኒ ለጠቆር ያለ ቆዳ ሁለት ሦስት ሼድ ጣል አድርጎ ነበር የሚያልፈው። የእኛ ጠይም ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዷ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ የሌላዋ ወደ ቀይ። ሼዱ ከሳተ ሌላው ሁሉ ቢወደድ ዋጋ የለውም። ፊትሽ አመድ ይመስላል፣ አንገትሽ የሌላ ሰው ይሆናል። ደግሞ የግድ ፌንቲ ይሁን አልልሽም። ሼድሽ ከርካሹ ውስጥ ከተገኘ ርካሹን ግዢ።

ስትሞክሪ እጅሽ ላይ አትቀቢው። መንጋጋሽ ላይ፣ ወደ አንገትሽ ሳብ አድርገሽ ቀቢ። የሱቅ አምፖል ይዋሻል፤ በር ላይ ወጥተሽ በፀሐይ እዪው። ከዚያ ሻይሽን ጠጥተሽ ተመልሰሽ በመስታወት እዪ። አንዳንዱ ፋውንዴሽን የፊት ወዝና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ወይም ብርቱካንማ ይሆናል። ይሄ የሚታየው ቆይቶ ነው። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ብላሹ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ቀለሙ ኃይለኛ ስለሆነ ነጥብ የምታክል ትበቃለች። ለአንድ ሰርግ ግን አያስፈልግሽም። ሊፕስቲክሽን በጣትሽ ነክተሽ ጉንጭሽ ላይ መታ መታ አድርጊው፤ ከዚያ ትንሽ ፓውደር። ማንም አያውቅብሽም።

ጀጎል_ውስጥ

ከዚራ_ጥላ ያለችው ልክ ነው። እኔ ግን ገፋ አድርጌ እናገራለሁ። እነዚህ ቪዲዮዎች ማስታወቂያ ናቸው። ልጅቷ ዕቃውን በነጻ ተልኮላታል፣ ወይም በእሷ ሊንክ ሲገዛ ኮሚሽን ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ቦልድ ግላመር የሚባል ፊልተር ወጥቶ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ? እጅሽን በፊትሽ ፊት ብታሳልፊ እንኳ አይረበሽም። እንደ ድሮው ፊልተር ብልጭ ብሎ አያጋልጥም። እንግዲህ የትኛው ቆዳ እውነተኛ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አንዲት ታዋቂ አሜሪካዊት ቲክቶከር ተከፍሏት ማስካራ ስታስተዋውቅ፣ "ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ለጥፋ ነው" ተብላ ቲክቶክ ተናውጦ ነበር። የሚገርመው ከዚያ ወሬ በኋላ ማስካራውን የሚፈልገው ሰው በዛ እንጂ አልቀነሰም።

ስካይ ሃይ ላይም የለንደን ባቡርና አውቶቡስ ሽፋሽፍት ተገጥሞላቸው በትልቅ ብሩሽ ሲኳሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ዞሮ ነበር። በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። ስንቱ ሰው እውነት መስሎት ተከራክሯል!

ድሬ_ዩኒቨርሲቲ_3ኛ_ዓመት

ጀጎል_ውስጥ፣ ማስታወቂያ ስለሆነ ብቻ ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም እኮ። ስካይ ሃይን ዶርም ውስጥ የአንዷን ሞክሬዋለሁ። ሽፋሽፍት ያስረዝማል፣ አይጠቀለልም። ባቡሩ ውሸት ቢሆንም ማስካራው ሠርቷል።

ጀጎል_ውስጥ

እሺ ሠርቷል። ጥያቄው ካለሽ ማስካራ በምን ይበልጣል ነው። በዚያ ላይ የሰው ማስካራ መዋስ ራሱ...

ነጭ_ጋውን

የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ላጠናቅቅልህ። ማስካራ አይዋዋሱም። ብሩሹ ዓይን ነክቶ እርጥብ ቱቦ ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም። ከተከፈተ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው ዕድሜው፤ ባያልቅም ይጣላል። ማሸጊያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ የምትመስል ትንሽ ሥዕል አለች፤ በውስጧ 6 ወይም 12 ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፏል። ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው። ከድሬ ሙቀት ጋር ደግሞ መኪና ውስጥ ወይም መስኮት ዳር የሚቀመጥ ሜካፕ ያንንም አይሞላም።

ሻንጣ_ከዱባይ

እኔ ሻጭ ነኝ፤ ስለዚህ ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ። ዋጋው ለምን እንደሚለያይ ግን ልንገራችሁ።

በ2015 ዓ.ም. መግቢያ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ የከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ነበሩ። ኮስሞቲክስና ሽቶ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሐምሌ 2016 ላይ ክልከላው ተነሳ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። በር ተከፈተ፣ ዋጋው ግን በበሩ አላስገባ አለ።

አሁን ሂሳብ ሥሩ። የፌንቲ ፋውንዴሽን አሜሪካ ውስጥ 40 ዶላር አካባቢ ነው። በ100 ብር እንኳ ብታባዙት 4,000 ብር ነው፤ የዛሬው ምንዛሪ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ትራንስፖርት አለ፣ ቀረጥ አለ፣ የእኔ ትርፍ አለ። ታዲያ ያንኑ በ900 ብር "ኦርጂናል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ከየት አመጣው? ሰርቆ ካልሆነ ፎርጅድ ነው።

እኔ የማየው ይሄን ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ባች ቁጥር (የምርት ዙሩ መለያ) ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል ወይ? የሼዱ ስም ካምፓኒው ድረ ገጽ ላይ አለ ወይ? ኮፒ የሚሠሩት የሌለ ሼድ ፈጥረው ያትማሉ። ጽሑፉ ፊደል ይገድፋል። ከፍታችሁ ስታሸቱት ቀለም ቀለም ይላል። የቴሌግራም ሻጭ "ራስህ ያነሳኸውን የዕቃውን ፎቶ ላክልኝ፣ ባች ቁጥሩ የሚታይበት" ሲባል ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ከላከ ተዉት። ደግሞ ብሩን ቀድማችሁ አትላኩ።

የሳቢያን_ልጅ

ወላሂ ጥሩ ነው ይሄ። ሻንጣ_ከዱባይ አመሰግናለሁ፤ አንተ ጋስ ስንት ነው?

ሻንጣ_ከዱባይ

እዚህ ዋጋ ብጠራ ማስታወቂያ ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ሁሉንም ከእኔ አትግዢ። ሊፕስቲክና ብሩሽ ርካሹ ይበቃሻል።

አቦ_ተወና

ሻጭ "አትግዢ" ሲል ዛሬ ነው የሰማሁት። ድሬ ላይ ዝናብ ሊጥል ነው።

የሳቢያን_ልጅ

ስለ ፓውደር ግን ማንም አልነገረኝም። ባለፈው ዘመዳችን ሰርግ ላይ አንዷ ፎቶ ላይ ፊቷ ነጭ ሆኖ ወጣ። ዱቄት የተነፋባት ነበር የምትመስለው። በዓይን ሲያዩአት ግን ምንም አልነበረባትም። ፓውደሩ ነው?

ከዚራ_ጥላ

ፓውደሩ ነው፤ ሰንስክሪኑም ሊሆን ይችላል። "ኤችዲ" የሚባሉት ነጭ ፓውደሮች ብዙዎቹ ሲሊካ ናቸው። ሲሊካ የፍላሽ ብርሃን መልሶ ይረጫል። በዓይን አይታይም፤ ካሜራው ብልጭ ሲል ይወጣል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያም እንዲሁ ያደርጋል፤ በተለይ ከበዛ። ማታ አዳራሽ ውስጥ ፍላሽ የሚተኩስ ፎቶግራፈር ካለ ከሰርጉ በፊት ተቀብተሽ በስልክሽ ፍላሽ አብርተሽ ፎቶ ተነሺ። ነጭ ከወጣ ቀይሪው።

የሁዳው ፓውደር በብዙ ሼድ ይመጣል። ለጠይም ፊት ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ የሚሄደውን ውሰጂ፤ ነጩን ወይም ሮዙን ሻጩ በቅናሽ ቢሰጥሽም እንቢ በይ። ለወዛም ቆዳ ፓውደር ዋናው ነገር ነው፤ ለእሱ ብር ብታወጪ አልቆጣሽም።

አቀባቡን ልንገርሽ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚበላሸው። ድሬ ውስጥ ሜካፕ መጀመሪያ የሚከፈተው የላይኛው ከንፈር ላይና በአፍንጫ ግራና ቀኝ ነው። ብዙዎች እዚያ ላይ ነው ፋውንዴሽን የሚደራርቡት። ተቃራኒውን አድርጊ። እዚያ ላይ ሰፍነጉ ላይ በቀረው ብቻ ንኪው። ሰፍነጉ በውኃ ርሶ በደንብ የተጨመቀ ይሁን። ፕራይመር፣ ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባውን፣ ከተቀባሽ እስኪደርቅ ታገሺ። ፕራይመርሽ ሲሊኮን ሆኖ ፋውንዴሽንሽ ውኃ የበዛበት ከሆነ አብረው አይቀመጡም፤ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለሉ ይነሳሉ። ጀርባውን አንብቢ። ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ዳይሜቲኮን የሚል ካለ ሲሊኮን ነው።

ከዚያ ፓውደሩን በብሩሽ አታቦኚው። በፓፍ ነክተሽ ጫን ጫን አድርጊ። ቦርሳሽ ውስጥ ሶፍት ያዢ። ላብ ሲመጣ መጥረግ የለም፤ ሶፍቱን አስቀምጠሽ ተጫኝው፣ አንሺው። ላቡ ሳይወጣ በላዩ ፓውደር የምትጨምር ሚዜ ምሽት ላይ ፊቷ ሊጥ ነው።

ድሬ_ዩኒቨርሲቲ_3ኛ_ዓመት

ስፕሬዩስ? እኔ አንዱን ገዝቼ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ፊቴን ይበልጥ አረጠበው እንጂ ምንም አልያዘም።

ከዚራ_ጥላ

ሁለት ዓይነት አለው እኮ። አንዱ ፊት ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ሜካፑን የሚይዝ ነው። ሌላው "ዴዊ" የሚሉት፣ ፊትን አርጥቦ የሚያብረቀርቅ ነው። የገዛሽው ሁለተኛውን ይመስለኛል። እሱ ለደረቅ ቆዳና ለብርድ አገር ነው። ድሬ ላይ እግዜር በነጻ ያብረቀርቅሻል፤ ብር አውጥተሽ ምን ያደርግልሻል? "ማት" ወይም "ሎንግ ላስቲንግ" የሚለውን ፈልጊ። ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ራቅ አድርገሽ ንፊው።

የሸዋ_በር_እናት

ልጆች፣ ይህን ሁሉ ሳነብ ደከመኝ። እኛ ስንዳር ቃሲል በውኃ አሽተን ፊታችንን ታጠብን። ሂና እጃችን ላይ፣ ኩል ዓይናችን ውስጥ። አለቀ። ፎቶው እስከ ዛሬ ያምራል። ቃሲል እናንተ ጋ ቀፊራ ገበያ ሞልቷል፤ ሶማሌዎቹ እናቶች ጋ ሂጂና ግዢ። ለወዛም ፊት ከእሱ የሚበልጥ አላየሁም።

የሳቢያን_ልጅ

እትዬ፣ እውነትዎን ነው። እናቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ። ቃሲል ከሜካፕ በፊት ብጠቀመው ይስማማል?

ነጭ_ጋውን

እትዬን ደግፌ ትንሽ ልጨምር። ቃሲል የጎብ ዛፍ ቅጠል ተፈጭቶ ነው፤ የቁርቁራ ወገን ነው። ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር በተፈጥሮው አለው፤ ለዚህ ነው ወዝ የሚያነሳው። ከሰርጉ ቀደም ብለሽ ሞክሪው፣ በሰርጉ ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም። ማንኛውም አዲስ ነገር እንዲሁ ነው፤ ከጆሮሽ ጀርባ ወይም ክንድሽ ላይ ቀብተሽ እደሪ።

ስለ ኩሉ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከድንጋይ የሚፈጨው አንዳንዱ ኩል ጋሌና ነው። ጋሌና ማለት እርሳስ ያለበት ማዕድን ነው። ዓይን ውስጥና በተለይ ለሕፃናት አልመክርም። እርሳስ በጣት ወደ አፍ ይገባል፤ የልጅ አእምሮ ይጎዳል።

ሂናም ላይ አንድ ነገር። እውነተኛ ሂና ከብርቱካንማ እስከ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጥቁር አይሆንም። ቶሎ የሚደርቀው ጥቁሩ የፀጉር ቀለም የተደባለቀበት ነው። በውስጡ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። ቆዳ ላይ እንዲያ ሲቀመጥ ውኃ ቋጥሮ የሚያቃጥል ሰው አለ። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት ደግሞ በኋላ ፀጉር መቀባትም ላይቻል ይችላል። ሚዜዎች ጥቁሩን ስለሚወዱ ነው የምናገረው።

የሸዋ_በር_እናት

ልጄ፣ እናቴ በኩል ዘጠና ዓመት ኖራለች። ጥቁሩን ሂና ግን እኔም አልወደውም፤ የልጄን ልጅ እጅ አሳብጦብኛል። በዚህ ተስማምተናል።

ጀጎል_ውስጥ

ነጭ_ጋውን፣ የሚያነጡት ክሬሞችስ? ቲክቶክ ላይ "በሳምንት ፊትሽ ይፈካል" እየተባለ ድሬም ሐረርም እየተሸጡ ነው። አንዳንዶቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ ነጭ ቆርቆሮ ብቻ።

ነጭ_ጋውን

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፋውንዴሽን ሼዱ ቢስት ታጥቢዋለሽ። ክሬሙ ግን ቆዳ ውስጥ ይገባል። በሳምንት የሚያፈካ ክሬም ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን፣ ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ሚናማታ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት ኮስሞቲክስ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተወስኖ ነበር፤ በኋላ ያቺም መጠን ተነስታ ጭራሽ እንዳይኖር ተባለ። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ያምራል፤ ብጉርና ማዲያት ይደበቃል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ስር ይታያል፣ ፀሐይ አይችልም። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ተጠቃሚዋ "ክሬሙን ስለተውኩ ነው" ብላ ትመለስበታለች። ወደ ፋርማሲ ፊታቸውን ሸፍነው የሚመጡ አሉ። በራሳችሁ ቆርጣችሁ አትጣሉት፤ የቆዳ ሐኪም እያየ ቀስ በቀስ ነው የሚወጣው።

ማዲያት ላለባት ደግሞ ከሁሉም ቫይራል ዕቃ ይልቅ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይሻላታል። ውጪ የምትውል ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ድሬ ላይ ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ።

የሳቢያን_ልጅ

እሺ፣ ወስኛለሁ። ፋውንዴሽንና ፓውደር ጥሩውን እገዛለሁ፤ ሼዴን መንጋጋዬ ላይ አይቼ። ብላሹ ቀረ። ማስካራ ያለኝ አዲስ ነው፣ ይበቃኛል።

ከዚራ_ጥላ

ማስካራሽ ውኃ የሚቋቋም ነው ወይ? ስካይ ሃይም ቢሆን ሁለት ዓይነት አለ፤ በውኃ የሚለቀውና የማይለቀው። ሙሽራ ስትሸኙ ታለቅሻለሽ እኮ።

የሳቢያን_ልጅ

አላለቅስም!

አቦ_ተወና

ታለቅሻለሽ።

ከዚራ_ጥላ

ቅዳሜ ጠዋት ከዚራ ነይ፤ በውስጥ መስመር አድራሻውን እልክልሻለሁ። ፊትሽን ታጥበሽ፣ ምንም ሳትቀቢ። ሼድሽን እኔ አይልሻለሁ። ልታወጪ የነበረውን ብር ግማሹን ታስቀሪያለሽ።

የሳቢያን_ልጅ

አላህ ይስጥሽ። እመጣለሁ። ሊፕ ኦይሉን ግን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።

ድሬ_ዩኒቨርሲቲ_3ኛ_ዓመት

ባጃጅ ላይ ተሳፍረሽ ሞክሪው። አቧራውም ፀጉርሽም ከንፈርሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ማት ሊፕስቲክ ያዢ፤ ኦይሉን ማታ ስትተኚ ተቀቢው።